ማይግሬንና የእጅ ሕክምና በወሎ

የእጅ ሕክምና ያለ ክኒንና ያለ መርፌ፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በማሸት፣ በመጫንና በማንቀሳቀስ የሚሰጥ ነው። በወሎ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ይሠራዋል፤ የአገር ወጌሻና የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት። የወጌሻ ዋና ሥራ ስብራትና ውልቃት ቢሆንም እጁ የታወቀለት ሰው ለራስ ምታትም ይፈለጋል።

ማይግሬን ተራ ራስ ምታት አይደለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጠዘጥዛል፣ ያጥወለውላል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ሰዉ «ራስ ፍልጠት» ከሚለው ውስጥ አንዱ ይኸው ነው። ቤት ውስጥ መጀመሪያ ራስ በሻሽ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ከዚያ አናት ላይ ቅቤ ተደርጎ ግንባርና ማጅራት ይታሻል። ቡና ሳይጠጣ የዋለ ወሎዬ ራሱን ቢያመው ግን ወጌሻ አይጠራም፤ ጀበና ይጣዳል። ልክም ነው፤ ካፌይን የለመደ ሰው ሲያጣው ራሱን ያመዋል። በሁዳዴም በረመዳንም ከምግብ ርቆ መዋል ማይግሬን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ማጅራትን ማሸት ያለ ምክንያት አይደለም። የላይኛው አንገት ነርቮችና የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ትራይጀሚናል ነርቭ መልእክታቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ የአንገት ሕመም ግንባር ላይ ሊሰማ ይችላል። እናቶቻችን ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም።

በአሜሪካ አንድሪው ቴይለር ስቲል እ.ኤ.አ. በ1874 ኦስቲዮፓቲ የተባለውን፣ ዲ. ዲ. ፓልመር በ1895 ካይሮፕራክቲክ የተባለውን፣ አጥንትና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያ ጀመሩ። የወሎ ወጌሻ መሥራችም የምሥረታ ዓመትም የለውም፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል።

ጥናቱ ግን በብዛት የፈረንጆቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ግምገማ 7 ሙከራዎችን አይቶ፣ መታሸትና ፊዚዮቴራፒ እንደ ማይግሬን መከላከያ መድኃኒቶቹ ፕሮፕራኖሎልና ቶፒራሜት ያህል ሊከላከሉ ይችሉ ይሆናል አለ። ሙከራዎቹ ጉድለት እንዳለባቸውም አልሸሸገም። በ2017 ኖርዌይ ውስጥ 104 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት ወጣ። እውነተኛው የአከርካሪ ሕክምና (አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስ) የተደረገላቸውም፣ የማስመሰያው የተደረገላቸውም ተሻላቸው፤ በሁለቱ መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። በ2019 ደግሞ በዚሁ የአከርካሪ ሕክምና ላይ የተደረጉ 6 ሙከራዎችንና 677 ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና የሕመሙ ቀናት በመጠኑ እንደሚቀንሱ አሳየ። ክርክሩ አላለቀም። መታሸት ሰውነትን እንደሚያፍታታ ግን አንድ ጊዜ የታሸ ሁሉ ያውቀዋል።

በአገራችን ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ በማሠልጠን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ነው።

አደጋውም መነገር አለበት። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ «ቋ» ማድረግ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ቧንቧ ከመሰንጠቅና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል። ጎበዝ ወጌሻ አሽቶ ያላላል እንጂ አይጠመዝዝም። ጆሮ ግንድን በምላጭ መብጣት ደግሞ ከእጅ ሕክምና አይቆጠርም፤ ትርፉ ቁስልና ኢንፌክሽን ነው። በድንገት የፈነዳ ከባድ ሕመም፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ፣ እጅ ወይም እግር የሚያሰንፍ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ትኩሳት ኖሮ አንገት ከደረቀም ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ማሸት የለም።

ለከረመ ማይግሬን ሐኪሞች ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያዛሉ። መታሸቱ ከመድኃኒቱ ጎን ሊሄድ ይችላል። ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ የሚውጥ ሰው ግን ራስ ምታቱን ክኒኑ ራሱ ሊያመጣበት ስለሚችል፣ ወጌሻ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ይህን ለሐኪሙ ቢነግር ይሻላል።