አሂምሳ ምንድን ነው? በምንጣፍ ላይ የማያልቀው የዮጋ የመጀመሪያ ደንብ

አሂምሳ በሐሳብም፣ በቃልም፣ በድርጊትም ሕይወት ያለውን ሁሉ አለመጉዳት ነው። ፓታንጃሊ የተባለው የጥንት ሕንዳዊ ጠቢብ በጻፈው «ዮጋ ሱትራ» መሠረት ዮጋ ስምንት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ብዙ ሰው ዮጋ ብሎ የሚያውቀው የሰውነት አቀማመጥ ማለትም አሳና ሦስተኛው ነው። መጽሐፉ ካሉት 195 አጫጭር አንቀጾች (በአንዳንድ ቅጂዎች 196) በቀጥታ ስለ አሳና የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ከአሳና የሚቀድሙት ያማ እና ኒያማ ናቸው። ያማ ከሌሎች ጋር፣ ኒያማ ደግሞ ከራስ ጋር የሚኖርበትን ሥርዓት ይዘረዝራሉ። ያማዎቹ አምስት ናቸው፦ አሂምሳ፣ እውነተኝነት (ሳትያ)፣ አለመስረቅ (አስቴያ)፣ የፍትወት ስሜትን መግዛት (ብራህማቻርያ) እና አለማግበስበስ (አፓሪግራሃ)።

አሂምሳ ከሁሉም ፊት የተቀመጠው በምክንያት ነው። የሱትራውን ጥንታዊ ማብራሪያ የጻፈው ቪያሳ፣ የሌሎቹ ደንቦች ሁሉ ሥር አሂምሳ ነው ይላል። ለምሳሌ ሰውን ለመጉዳት የተነገረ ነገር፣ እውነት ቢመስልም በእሱ ዘንድ እውነት አይባልም። ይህ ለመዋሸት ፈቃድ አይደለም። የሚጠይቀው ጊዜና ቦታ መምረጥን ነው፤ የባልደረባን ስህተት በስብሰባ መሀል ከማንሳት ይልቅ ከስብሰባው በፊት ለብቻው መንገር ማለት ነው። ስህተቱም ይታረማል፣ ሰውየውም አይዋረድም።

አሂምሳን ከተራ የጨዋነት ምክር የሚለየው ጉዳትን የሚመድብበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ 34ኛው አንቀጽ ላይ ጉዳት በሦስት መንገድ ይፈጸማል ይላል፦ ራሳችን ስናደርገው፣ ሌላውን ስናስደርግ እና ሌላው ያደረገውን ስናጸድቅ። መነሻውም ሦስት ነው፦ ስስት፣ ቁጣ እና ጭፍንነት። መጠኑም ሦስት ነው፦ ቀላል፣ መካከለኛ እና ከባድ። ሲባዙ 27 ይሆናሉ። ቪያሳ ሦስቱን መጠኖች እንደገና ለሦስት ለሦስት ከፍሎ ቁጥሩን 81 ያደርሰዋል።

ይህ ስሌት ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በእኛ እምነት የትምህርቱ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቆጥረው የመጀመሪያውን፣ እሱ ራሱ የሠራውን ብቻ ነውና። አንድ ምሳሌ እንይ። በስልክ መልእክት ቡድን ውስጥ አንድ አባል የሌላውን አነጋገር አስመስሎ ይቀልዳል። አንዱ ይስቃል፣ ሌላው የሳቅ ምልክት ይልካል፣ ሦስተኛው «ያንን የባለፈውንም ንገራቸው እንጂ» ይላል። የሳቅ ምልክት የላከው አጽድቋል፤ መጠኑ ቀላል ነው፣ መነሻው ግን ከቡድኑ ላለመለየት ሲባል ሳያስቡ መከተል ስለሆነ ጭፍንነት ነው። «ንገራቸው» ያለው አስደርጓል። ሁለቱም አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ የተቀለደበት ሰው ግን ከቀልደኛው ይልቅ የሳቁትን ብዛት ነው የሚያስታውሰው።

ማታ ከመተኛት በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ከቀኑ አንድ ክስተት ብቻ መምረጥና ሦስቱን ጥያቄዎች በጽሑፍ መመለስ ይበቃል፦ አደረግሁ፣ አስደረግሁ ወይስ አጸደቅሁ? ከስስት፣ ከቁጣ ወይስ ከጭፍንነት? ምን ያህል? ከአንድ በላይ ክስተት የሚጽፍ ሰው ቶሎ ወደ ራስ ወቀሳ ይገባል። ራስን መውቀስ ደግሞ ራሱ ጉዳት ነው፤ ደንቡ «ሕይወት ያለውን ሁሉ» ሲል የሚጽፈውን ሰው ራሱንም ይጨምራል።

ከሦስቱ ጥያቄዎች ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ማጣሪያ «ታላቁ ቃል ኪዳን» ይባላል፣ በሳንስክሪት ማሃቭራታ። አሂምሳ በዘር (በፍጡር ዓይነት)፣ በቦታ፣ በጊዜና በሁኔታ ካልተገደበ ነው ሙሉ የሚሆነው። ቪያሳ ስለ ገደቡ ሲያስረዳ ዓሣ አጥማጁን ያነሳል፤ እሱ የሚጎዳው ዓሣን ብቻ ነው፣ ሌላውን አይነካም። ሌላው ደግሞ «በተቀደሰ ስፍራ አልገድልም» ይላል። የኛ ገደቦች የሚገኙት በዕለት ንግግራችን ውስጥ ነው፦ «መሥሪያ ቤት ታጋሽ ነኝ፣ ቤት ስገባ ግን…»፣ «ሲርበኝ አታናግሩኝ»፣ «እሱ ካልጀመረኝ አልነካውም»። የመጀመሪያው የቦታ፣ ሁለተኛው የጊዜ፣ ሦስተኛው የሁኔታ ገደብ ነው። የራስን አንድ ገደብ ለይቶ ማወቅ በአጠቃላይ «ደግ እሆናለሁ» ከማለት የበለጠ ይረዳል። ምክንያቱም ችግሩ የሚነሳበት ሰዓትና ቦታ ይታወቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። ሲርበው የሚቆጣ ሰው ከባዱን ውይይት ከምግብ በኋላ ያድርገው።

ቁጣው ሲነሳስ? ለዚህ የተሰጠው ዘዴ ፕራቲፓክሻ ባቫና ይባላል፤ ተቃራኒውን ማሰላሰል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ክፉውን ሐሳብ በጣፋጭ ሐሳብ ለመሸፈን ሲሞከር ነው። ሰውየው እየተናደደ «እወደዋለሁ፣ እወደዋለሁ» ይላል፤ ቁጣው ግን ከሥር ይቆይና ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ላይ ይወጣል። ያው 34ኛው አንቀጽ የሚያሳስበው ውጤቱን ነው፦ ይህ ድርጊት የሚያፈራው ማለቂያ የሌለው ሥቃይና አለማወቅ ነው ብሎ ማሰብ። በተግባር እንዲህ ይሠራል። መልስ ከመስጠት በፊት እጅን ከስልኩ ወይም ከበሩ ላይ ማንሳት። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፤ ይህን ስድስት ጊዜ መደጋገም አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ትንፋሽን መያዝ አያስፈልግም፤ ካዞረዎት ቁጥሩን ይቀንሱ። ከዚያ «ይህን ብናገር ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ይሆናል? ነገስ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ ከተገኘ በኋላም መናገር የሚያስፈልግ ከሆነ ይነገራል፤ ድምፁ ግን ሌላ ይሆናል።

ርኅራኄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 33ኛው አንቀጽ ላይ አእምሮን የሚያጠሩ አራት ዝንባሌዎች ተዘርዝረዋል፣ ለእያንዳንዱም ተቀባዩ ተለይቷል፦ ለደስተኛው ወዳጅነት (ማይትሪ)፣ ለተቸገረው ርኅራኄ (ካሩና)፣ መልካም ለሚሠራው ደስታ (ሙዲታ)፣ ክፉ ለሚሠራው ደግሞ በጥላቻ ሳይያዙ መረጋጋት (ኡፔክሻ)። መሳሳት የሚጀምረው ሲቀያየሩ ነው። የተቸገረን ሰው በመረጋጋት ብቻ ማየት ቸልተኝነት ነው። ደስተኛውን ሰው «ምስኪን፣ አይዘልቅለትም» ማለት ቅናትን በርኅራኄ መሸፈን ነው። ያለማቋረጥ የሚበድልን ሰው በርኅራኄ ብቻ ማስተናገድ ደግሞ ያደክማል፣ በመጨረሻም ምሬት ያተርፋል። ከአራቱ በጣም የሚዘነጋው ሙዲታ ይመስለናል፤ በሌላው መልካም ሥራ መደሰት ምንም አያስከፍልም፣ ቅናትንም ከሥሩ ይነቅላል።

አሂምሳ ዝም ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። ጋንዲ በ1930 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝን የጨው ሕግ ለመጣስ ከሳባርማቲ እስከ ዳንዲ 385 ኪሎ ሜትር ያህል በ24 ቀን በእግሩ ተጉዟል። ሕጉን በግልጽ ጥሷል፣ ታስሯል፣ እጁን ግን በማንም ላይ አላነሳም። በቤት ውስጥ ለሚደበደብ ወይም በሥራ ቦታ ጥቃት ለሚደርስበት ሰውም ቢሆን አሂምሳ «ቻል» አይልም። በዳዩ እንዲቀጥል መፍቀድ በመጀመሪያው ስሌት ከማጽደቅ አይርቅም፤ መውጣት፣ እርዳታ መጠየቅና መክሰስ ከደንቡ ጋር አይጋጩም።

አሳና የሚሠሩ ሰዎች ልምምዱን በራሳቸው ሰውነት መጀመር ይችላሉ። መለኪያው ትንፋሽ ነው፦ በአንድ አቀማመጥ ላይ ትንፋሽ ከተቆራረጠ ወይም ሳይታወቅ ከተያዘ ከአቅም በላይ ተገፍቷል ማለት ነው። ጡንቻ ሲለጠጥ የሚሰማው የመወጠር ስሜት ይፈቀዳል፤ በጉልበት፣ በወገብ ወይም በአንገት ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ወዲያው መውጣትን ይጠይቃል።

ከምንጣፍ ውጭ ደግሞ ከማጽደቅ መጀመር ይሻላል። ቁጣ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚደርስ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ማጽደቅ ግን ጊዜ ይሰጣል፣ የሳቅ ምልክቱን ከመንካት በፊት ማሰብ ይቻላልና። ለመጀመሪያው ሳምንት ይህን ብቻ ይከታተሉ። በሁለተኛው ሳምንት ማስደረግን ይጨምሩ፤ «ሂድና እንዲህ በለው» የሚሉ ቃላት የሚያዙት በዚህ ጊዜ ነው። የራስን ቁጣ በሦስተኛው ሳምንት ያስገቡ። አንድ ቀን ማታ ሳይጽፉ ካለፉ በማግስቱ የሁለት ቀን አይጻፉ፤ ከዚያው ቀን ክስተት አንዱን ይዘው ይቀጥሉ።