ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ ስድብንስ?

ደሴ፣ ሸዋ በር፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነን። ቶናው ሊቀዳ ነው። ልጇ ፌስቡክ ላይ «የሰፈራችን መንገድ ዘግይቷል፣ ግን እየተሠራ ነው» ብሎ ጽፎ ኖሮ መልስ መጣለት። አንዲት ቃል፦ «ካድሬ!»

«ካድሬ ድሮ ሥራ አልነበረም እንዴ? ደመወዝ ይበላበት ነበር እኮ» አለች አክስቴ። ከዚያ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ብላ ሳቀችበት።

አባባሉ የሰው ስምና ግብሩ ሲገጥም የሚባል ነው። ደስታ የተባለችው ሳቂታ ስትሆን፣ ታጋይ የተባለው እልኸኛ ሲሆን። መነሻው ከስም አወጣጥ ጋር የተያያዘ ነው። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40፣ ሴት ልጁን በ80 ቀኗ ክርስትና ያስነሳል። ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርዶ ስም ያወጣል። ወላጅ እኔ መረጥኩ ይበል እንጂ ሹክ ያለው መልአክ ነው ይባላል። የደሴ ስምማ ጭራሽ ከሰማይ ነው የመጣው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው «ደስዬ» አሏት ይባላል።

የፖለቲካ ስሞችን ግን መልአክ የነካቸው አይመስለኝም። ደርግ የግዕዝ ቃል ነው፤ ኮሚቴ ማለት ነው። በ1966 ወታደሮቹ ራሳቸውን የጠሩበት ነው። ዛሬ ልጆቹን መፈናፈኛ የሚያሳጣ አባት «ደርግ» ይባላል። ጁንታም በስፓኒሽ ያው ሸንጎ፣ ኮሚቴ ነው። ሁለት ኮሚቴ፣ ሁለት ስድብ! (የእድራችን ኮሚቴ ቢጠነቀቅ ይሻላል።) ባንዳ በጣልያንኛ ቡድን ነው። ጣልያን ከአገሬው ሰው ለመለመለው ጦር የሰጠው ስም ነበር፤ በወገን ላይ ስለተኮሱ ስሙ ከሃዲ ሆኖ ቀረ። ነፍጠኛም ነፍጥ ያዥ ነበር። ዛሬ አንዱ ሊሰድብበት ይጽፈዋል፣ ሌላው ኮራ ብሎ ስሙ ላይ ይለጥፈዋል።

እኔ የምጠረጥረው «ያው» የምትለዋን ቃል ነው። «ካድሬው እንዲህ አለ» ሲባል ገና ወሬ ነው። ያለውን መስማት ይቻላል። «ያው ካድሬ ነው» ከተባለ ግን አለቀ። ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

«እኛስ?» አለች አክስቴ ስኒውን እያቀበለችኝ። «በ66ቱ ረሃብ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሄጄ፣ ‹ወሎዬ ናት› ሲሉኝ ለማኝ ናት ማለታቸው ነበር። አሁን ወሎዬ ሲሉ ቆንጆ ማለታቸው ነው። እኔ ያው እኔ ነኝ።»

በረካው ሲደርስ የልጇ ስልክ እንደገና ጮኸ። አነበበና ዝም አለ።

«ስለ መንገዱ ምን አሉ?» አለችው።

«ስለ መንገዱ የጻፈ የለም።»