«ዳክዬ ያለበት ኮሚክ የልጆች ነው» እና ስለ ዶንዦን የሚባሉ ሌሎች ስህተቶች

እኔ ዶንዦንን መጀመሪያ ያገኘሁት እዚህ ፈረንሳይ ሰፈሬ ባለ ቤተ መጻሕፍት የልጆች መደርደሪያ ላይ ነው፣ ማን እዛ እንዳስቀመጠው እንጃ። ሽፋኑ ላይ ዳክዬ አለ፣ ፈረንሳይኛዬ ደግሞ ያኔ ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር ስዕል የበዛበት ነገር ይሻለኛል ብዬ ይዤው ወጣሁ፣ ሳቅሁ፣ መለስኩት። በሳምንቱ ያው ስም ያለበት ሌላ አልበም አነሳሁና ያ ምስኪን ዳክዬ አርጅቶ ዓለሙን የሚያንቀጠቅጥ ገዢ ሆኖ ጠበቀኝ። ቁጥሩ 101 ይላል። የመጀመሪያው 1 ነበር። በቃ 99 አልበም ዘልያለሁ ብዬ እዛ የምትሰራዋን ሴትዮ ሄጄ ጠየቅኳት፣ ሳቀችብኝ።

ከዛ ወዲህ ስለዚህ ኮሚክ ሰው ሲያወራ የምሰማቸው ነገሮች ብዙዎቹ የኔን የዛን ቀን ስህተት ስለሚመስሉ አንድ በአንድ ልሂድባቸው። ስፖይለር አለ፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ለማታውቁት፣ ዶንዦን ዦአን ስፋርና ሉዊስ ትሮንዴም የሚጽፉት የፈረንሳይ ፋንታሲ ኮሚክ ነው፣ አሳታሚው ዴልኩር ነው፣ የመጀመሪያው አልበም በፈረንጆቹ 1998 ወጣ። ቴራ አማታ የምትባል ፕላኔት ላይ አንድ ግንብ አለ፣ ታሪኩ የዛ ግንብ መወለድ፣ መክበርና መውደቅ ነው።

«እንስሳ የሚያወራበት ነገር የልጆች ነው»

እኛ ይሄን ማለት አልነበረብንም እኮ፣ ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብለን ያደግን ሰዎች ነን፣ ጅብና አህያ የሚገናኙበት ተረት መጨረሻው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ግን ልዩነት አለው። በኛ ተረት ጅብ ከሆነ ሆዳም ነው፣ ጦጣ ከሆነች ብልጥ ናት፣ እንስሳውን ስታይ ጸባዩን አወቅክ ማለት ነው። ዶንዦን ይሄንን ነገር ነው ሆን ብሎ የሚገለብጠው። ማርቪን ዘንዶ ነው፣ እሳት ይተፋል፣ ግን ስጋ አይበላም፣ ሃይማኖቱ ደግሞ የሰደበውን ሰው እንዳይመታ ይከለክለዋል፣ ስለዚህ ከሱ ጋር የተጣላ ሰው ነፍሱን ለማዳን መሳደብ ብቻ ነው ያለበት (ይሄን ሳነብ ስንት ሰው ትዝ አለኝ መሰላችሁ)። ጥንቸሉ ደግሞ ደም ካላየ የማይረጋ ተደባዳቢ ነው። ዳክዬውማ ነገርኳችሁ። እና ደም አለ፣ ወሲብ አለ፣ ሞት በየገጹ አለ፣ የስምንት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ባይገባ ይሻላል።

«ዶንዦን ማለት የምድር ቤት እስር ቤት ነው»

ይሄ ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ወህኒ ሆኗል፣ በፈረንሳይኛ ግን ዶንዦን የቤተ መንግስት ዋናው ረጅም ግንብ ነው፣ ጌታው የሚኖርበት፣ ጠላት ሲመጣ መጨረሻ ላይ የሚሸሹበት። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ታሪኩ በሷ ላይ ነው የቆመው፣ ምክንያቱም ግንቡ የአንድ ቤተሰብ የአባት ርስት ነው፣ የካቫሌሮች። ያ ርስት እንዴት የግድያ ድርጅት እንደሆነ ነው የሚተረከው።

ድርጅት ያልኩት ለማጋነን አይደለም፣ እውነት ቢዝነስ ነው። የተለመደው የፋንታሲ ጌም ላይ አንተ ጀግናው ነህ፣ ትገባለህ፣ ጭራቅ ትገድላለህ፣ ሀብት ይዘህ ትወጣለህ። እዚህ ግን ካሜራው ጭራቆቹ ጋር ነው። ሀብት አለ ተብሎ ወሬ ይነዛል፣ ጀግና ነኝ ባይ ይመጣል፣ ጭራቆቹ ይገድሉታል፣ ሰይፉና ገንዘቡ ግምጃ ቤት ይገባል፣ ግምጃ ቤቱ ሲሞላ ወሬው ይበዛል፣ ወሬው ሲበዛ ሌላ ጀግና ይመጣል። ጭራቆቹ ተቀጣሪ ናቸው፣ አለቃ አላቸው፣ ስራ ይለግማሉ። ዳክዬው ኤርቤር እዛ ግቢ ውስጥ ማንም ከቁጥር የማይከተው ሰራተኛ ነበር፣ የተቀጠረ ጦረኛ በሱ ጥፋት ይሞትና ቦታውን ተክቶ ጀግና መምሰል ግድ ይሆንበታል። ታሪኩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ በቢሮ ስህተት።

«ቁጥሩን ተከትሎ ነው መነበብ ያለበት፣ ብዙ አልበም ጠፍቷል»

አልጠፋም። ቁጥሩ የአልበም ብዛት አይደለም፣ የዘመን ምልክት ነው፣ እንደ ጌም ሌቭል አስቡት። ሶስት ዋና ዘመኖች አሉ። ፖትሮን ሚኔ የሚባለው ጎህ ሲቀድ ማለት ነው፣ ከኔጌቲቭ 99 ወደ ዜሮ ወደ ላይ የሚቆጠር ቁጥር አለው፣ ግንቡ ገና ቢዝነስ ሳይሆን በፊት ያለ ነው። ዜኒት ቀትር ነው፣ ከ1 ይጀምራል፣ ግንቡ የደራበት ዘመን። ክሬፑስኩል ሲመሻሽ ነው፣ ከ101 ይጀምራል፣ ሁሉም ነገር የሚያልቅበት። ይሄንን የሰማ ሰው ወዲያው ሂሳብ ይሰራል፣ መቶ መቶ መቶ፣ 300 አልበም ሊያወጡ ነው እንዴ ይላል፣ ቀልዱም እሱ ነው፣ ሁለቱ ደራሲዎች እንደማይጨርሱት እያወቁ ነው ያን ያህል ክፍት ቦታ ያስቀመጡት። ፖትሮን ሚኔ ከኔጌቲቭ 97 ዘሎ ኔጌቲቭ 84 ላይ ያርፋል፣ በመሀል ያለው ዘመን አልተጻፈም፣ አንባቢው ነው የሚሞላው። 97 ላይ የተውከው ወጣት 84 ላይ ፊቱ ከብዶ ስታገኘው ምን ነክቶት ነው ብለህ ገጹን ወደ ኋላ ትገልጣለህ፣ እዛ ግን የለም። የምታውቀው ሰው ውጭ አገር ሄዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ቦሌ ስትቀበለው ያለችውን ዓይነት ድንጋጤ ናት።

ከነዚህ ሌላ ፓራድ የሚባል ቀለል ያለ ቀልድ አለ፣ ሙሉ በሙሉ በዜኒት 1ና 2 መሀል የሚሆን፣ ሞንስትር የሚባል ደግሞ አለ፣ በዋናው ታሪክ ጥግ ላይ ያለፈ አንድ ካራክተር ይወሰድና የራሱ አልበም ይሰጠዋል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ አንቲፖድ ብለው ኔጌቲቭ 10,000 እና ፖዘቲቭ 10,000 ጨመሩበት፣ እነዚህ ሰዎች በቃን አይሉም።

ከየት ልጀምር ለምትሉ የኔ ሀሳብ፣ ዜኒት 1ና 2፣ ከዛ ኔጌቲቭ 99፣ ከዛ 101። ከዛ በኋላ እንዳሻችሁ።

«ፓሮዲ (ማላገጫ) ነው፣ ዳርክ ፋንታሲ (ጨለማ የበዛበት ፋንታሲ) ሊባል አይችልም»

እዚህ ላይ ነው ከሰው ጋር የምጣላው። ዜኒትን ብቻ ያነበበ እውነቱን ነው፣ ያስቃል። ግን አወጣጣቸውን ተመልከቱት። ዜኒት በ1998 ጀመረ፣ ፖትሮን ሚኔና ክሬፑስኩል በ1999 ተከተሉ፣ ዜኒት ገና ሁለት አልበም እያለው ማለት ነው። ሌላ ቦታ ቅድመ ታሪክ የሚጻፈው ዋናው ታሪክ አልቆ፣ ገንዘብ አምጥቶ፣ አድናቂ ሲለምን ነው። እነዚህ ግን ገና ከመነሻው መጨረሻውን አሳዩን። ስለዚህ ኤርቤር ዜኒት ላይ ሲወላገድ፣ ልዕልት ሲያፈቅር፣ ከማርቪን ጋር ሲቀላለድ አንተ የምትስቀው እያወቅክ ነው፣ ይሄ ልጅ ግራን ካን ተብሎ ሚሊዮኖችን የሚያሸብር ነው የሚሆነው፣ ይሄ ጓደኛው ደግሞ አርጅቶ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ የአቧራ ንጉስ ተብሎ፣ ሞቱን ፍለጋ ወደ ዘንዶዎች መቃብር ነው የሚሄደው። የሞተ ዘመዳችሁን የሰርግ ቪዲዮ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ይጨፍራል፣ እሱም ይጨፍራል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ዝም ብሏል። ዜኒት እንደዛ ነው የሚነበበው። ጨለማው ደሙ ላይ አይደለም ያለው።

ፖትሮን ሚኔ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል ለኔ። ያሳንት የሚባል የባላገር መኳንንት ልጅ፣ በመጽሐፍ ያደገ፣ ክብርና ፍትህ የሚል፣ አንቲፖሊስ የምትባል ከተማ ይገባል። ከተማዋ የበሰበሰች ናት። ጭምብል አድርጎ ማታ ማታ ፍትህ ሊያመጣ ይወጣል፣ ስሙንም የሌሊት ሸሚዝ ይሉታል (የእውነት ነው፣ የመኝታ ልብስ)፣ አሌክሳንድራ የምትባል ነፍሰ ገዳይ ይወዳል። እና ዜኒትን ያነበበ ሰው ይሄ ልጅ ማን እንደሚሆን ያውቃል፣ ያ ግንቡን የሚያስተዳድረው፣ ሰው ሲሞት ሂሳብ የሚያስበው ሽማግሌ ጠባቂ እሱ ነው። እያንዳንዱ ጥሩ ሀሳቡ ሲሰበር እያየህ ነው የምትሄደው፣ አንድ ትልቅ ክፉ መጥቶ አይሰብረውም፣ ትንሽ በትንሽ ነው፣ ዛሬ አንዷን ውሸት፣ ነገ አንዱን ዝምታ።

ክሬፑስኩል ላይ ፕላኔቷ መዞር አቁማለች፣ አንዱ ወገን ቀን ሌላው ወገን ሌሊት ሆኖ ቀርቷል፣ 103ኛው ላይ ደግሞ ትፈነዳለች። በቃ ትፈነዳለች። መሬቱ ቁርጥራጭ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ታሪኩ ግን ይቀጥላል፣ ሰዎቹ ቁርጥራጩ ላይ ይኖራሉ፣ ይነግዳሉ፣ ይጣላሉ። ዓለም እንዳያልቅ ማዳን የሚለውን የፋንታሲ ሕግ እንዲህ አድርገው ሲጥሱት አላየሁም።

«የተመረጠው ጀግና ያሸንፋል»

ኤርቤር የዕጣ ፈንታ ሰይፍ የሚባል ነገር እጁ ላይ ይገባል። ሰይፉን ለመምዘዝ መጀመሪያ ያለ መሳሪያ ሶስት ጀብዱ መስራት አለበት፣ ስለዚህ ሰይፍ ታጥቆ በባዶ እጁ ሲደባደብ ነው የምናየው። አንባቢ ይሄን ሲያይ እሺ፣ ሲያድግ ይመዘዋል፣ ዓለምን ያድናል ብሎ ይጠብቃል፣ ስንቱ ፊልም ያስተማረን እሱን ነው። ዶንዦን ውስጥ ግን ሰይፉን ጨምሮ የዕጣ ፈንታ ዕቃዎች የሚባሉትን የሚሰበስብ ሰው የሚያገኘው ጥቁሩ ኃይል የሚባለውን ነገር ነው፣ ገብቶበት ያድርበታል፣ ግራን ካን የተወለደውም እንዲህ ነው። መመረጥ ሽልማት አይደለም እዚህ።

«ሰዓሊው በየጊዜው ይቀየራል፣ ጥራት የለውም»

ሰዓሊው ይቀየራል፣ ልክ ነው፣ የሚጽፉት ግን ያው ሁለቱ ናቸው። አቀያየሩም ዝም ብሎ አይደለም። ቀትሩን መጀመሪያ ራሱ ትሮንዴም ሳለው፣ ንጹህ መስመር፣ ቀለል ያለ፣ ከዛ ቡሌ ለሚባል ሰዓሊ ሰጠው። ንጋቱን ክሪስቶፍ ብላን ነው የጀመረው፣ ጥላ የበዛበት፣ ጠባብ መንገድ፣ ኮፍያና ካባ፣ ከተማዋ እርጥበቷ ይሸታል። ምሽቱን ስፋር፣ መስመሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ዓለሙ ራሱ እጁ ላይ ሊፈርስ የደረሰ የሚመስል። ገጹን ብቻ አይተህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለህ። ፓራድን ማኑ ላርስኔ ነው የጀመረው፣ ሞንስትር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ አልበም የሌላ ሰው ነው፣ ብሉች አለ፣ ኪሎፈር አለ፣ አርጀንቲናዊው ካርሎስ ኒኔ አለ። አንዳንዱ አልተመቸኝም፣ አልዋሽም፣ የካርሎስ ኒኔን ሁለቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ፣ ሶስተኛው ላይ ነው የያዘኝ።

«ማርቪን አንድ ነው»

ሁለት ናቸው። ዘንዶው ማርቪን አለ፣ ቀዩ ማርቪን የሚባል ጥንቸል አለ። ጥንቸሉ በምሽቱ ዘመን ነው የሚመጣው፣ ከላይ ደም ያልኩት እሱ ነው፣ ከሽማግሌው ዘንዶ ጋር አብረው ይጓዛሉ። ሰው ሲከራከር የሰማሁት ግማሹ ክርክር ከዚህች ነው የሚመጣው።

«በ2014 አልቋል»

በ2014 ሁለት አልበም አብረው ወጡ፣ 110 እና 111፣ ሁለተኛው ስሙ ራሱ የዶንዦን መጨረሻ ነው፣ ስለዚህ ሰው አለቀ ቢል አይፈረድበትም። ግን በ2020 ዜኒት 7 ወጣ፣ ከዜኒት 6 በኋላ 13 ዓመት ቆይቶ፣ ቀጥለዋል። መጨረሻውን ጽፈው ጨርሰው ወደ መሀሉ መመለሳቸው የሚገርመው ሰው ካለ ይሄን ኮሚክ ገና አላወቀውም።

ስለ 110ና 111 አንድ ነገር ብቻ፣ የሁለቱ ታሪክ በአንድ ጊዜ ነው የሚሆነው፣ አንዱ አንድ ቦታ ሌላው ሌላ ቦታ፣ እና የፈለጋችሁትን ማስቀደም ትችላላችሁ። እኔ 110 በሰው እጅ ስለነበር 111ን አስቀደምኩ። ሴትዮዋ ምንም ችግር የለውም አለችኝ፣ በዚህኛው ግን አልሳቀችብኝም።