«ሌላ ጉድጓድ ይቆፈርልን» እና ሌሎች ስለ ከተማ ውሃና ፍሳሽ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

በከተማ ውሃ ሥራ ላይ የቆየሁ መሐንዲስ ነኝ። ከአነስተኛና መካከለኛ ከተሞች የውሃና ፍሳሽ ቦርዶች ጋር ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። የሕዝብ መድረክ በተጠራ ቁጥር የሚነሳው ነገር ያው ነው። ሰው መጠየቁ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝ ከጥያቄው ሥር ያለው የተሳሳተ እምነት ነው፤ የከተማው ገንዘብ የሚወጣው በእሱ ላይ ነውና። ስለዚህ አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ቦርዱ ነው ውሃ የዘጋብን።»

ቦርዱ ቫልቭ አይከፍትም፣ አይዘጋም። ክልሎች ባወጧቸው ሕጎች መሠረት የከተማ ውሃ አገልግሎት ገቢና ወጪውን ራሱ የሚያስተዳድር ተቋም ነው። ቦርዱ ከላይ ሆኖ ዕቅድና በጀት ያያል፣ የታሪፍ ሐሳብ ይመረምራል፣ ሥራ አስኪያጁን ይቆጣጠራል። ሰብሳቢው አብዛኛውን ጊዜ ከንቲባው ነው። ከጤና፣ ከፋይናንስ፣ ከሴቶችና ከተጠቃሚው ሕዝብ የተወከሉ አባላት ይኖሩታል፤ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ሆኖ ይቀመጣል። ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደወለው ለአገልግሎቱ ነው። ወር አልፎም ሳይጠገን ከቀረ ግን ጉዳዩ የቦርዱ ነው፤ ያኔ በጽሑፍ አቅርቡ።

«ለባለሥልጣን ሰፈር ብቻ ነው የሚለቁት።»

አንዳንዴ እውነት ነው፣ አልክድም። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ያጣል። ዳገት ላይ ያለው ሰፈር ደርቆ ሜዳው ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈሰው በዚህ ነው። ጥርጣሬውን የሚያጠፋው ነገር ቀላል ነው፦ የፈረቃው ፕሮግራም በየቀበሌው ይለጠፍ። ካልተለጠፈ ለምን እንዳልተለጠፈ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«ውሃ የለም፤ መፍትሔው ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው።»

ይህን ያልሰማሁበት ከተማ የለም። ነዋሪው ይለዋል፣ የምክር ቤት አባሉ ይለዋል፣ ቦርዱም ራሱ ይለዋል። ጉድጓድ ይታያል። መቆፈሪያው መኪና ከተማ ሲገባ ልጆች ይከተሉታል፣ ውሃው ሲፈነጥቅ ፎቶ ይነሳል፣ ሪባን ይቆረጣል። የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠገን ግን ማንም አያጨበጭብም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 40,000 ሕዝብ ያለው ከተማ አለ እንበል። ጉድጓዱ በሰከንድ 20 ሊትር ይሰጣል፣ ፓምፑ በቀን 16 ሰዓት ይሠራል። በቀን 1,152 ሜትር ኪዩብ መሆኑ ነው። ለሕዝቡ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 29 ሊትር ገደማ ይደርሳል። የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለዚህ መጠን ከተማ ያስቀመጠው መለኪያ በቀን 50 ሊትር ነበር። እጥረቱ እውነተኛ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ውሃ 40 በመቶው መንገድ ላይ ይባክናል እንበል። ይህ በእኛ ከተሞች የሚያስደንቅ ቁጥር አይደለም። ቤት የሚደርሰው 691 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም በሰው 17 ሊትር ይሆናል። አንድ ጄሪካን እንኳን አይሞላም። አሁን በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ አዲስ ጉድጓድ ጨምሩ። በቀን 576 ሜትር ኪዩብ ታመርታላችሁ፤ ከዚያ ውስጥ 230 ያህሉ ደግሞ መሬት ይጠጣዋል። ብክነቱን ከ40 ወደ 20 በመቶ ብታወርዱት ኖሮ አንድ ሜትር ሳትቆፍሩ ያንኑ 230 ሜትር ኪዩብ ታገኙ ነበር። በተቀደደ ጆንያ ላይ እህል የሚጨምር ገበሬ አላውቅም።

የሚብሰው ሌላ ነው። አዲስ ውሃ ሲገባ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ግፊት ሲጨምር አሮጌው ቧንቧ ከበፊቱ የበለጠ ያፈስሳል፤ ደካማው መገጣጠሚያ ይፈነዳል። ጉድጓድ በተመረቀ በሳምንቱ «ከተማው ሁሉ ቧንቧ ፈነዳ» የሚባለው በማንም ተንኮል አይደለም። ይጠበቅ የነበረ ነገር ነው።

ሁለተኛም፣ አዲሱ ጉድጓድ ከድሮው አጠገብ ከተቆፈረ ሁለቱ የሚቀዱት ከአንድ ከርሰ ምድር ውሃ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲሳብ የሌላው ደረጃ ይወርዳል። በወረቀት ላይ ሁለት ጉድጓድ አለን፣ በተግባር አንድ ተኩል። ሦስተኛው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ፓምፖች አብረው ይቆማሉ፤ ለጄኔሬተሩ የነዳጅ በጀት ከሌለ ሦስተኛ ጉድጓድም አያድንም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ከተማ ቦርዱ ለአዲስ ጉድጓድ ጥናት ገንዘብ ሊያጸድቅ ተሰብስቦ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሌሊት እንድንሞክር ለመንን። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ፓምፑን አቁመን የማጠራቀሚያውን ውሃ ከፍታ ለካን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመን ለካን። ወርዷል፣ ያውም በደንብ። በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ውሃ የሚጠቀም ሰው የለም። በማግስቱ ሌሊት አንድ የቆዩ የቧንቧ ሠራተኛ ረጅሙን የቫልቭ መክፈቻ ቁልፍ ይዘው ወጡ። ቁልፉን ቫልቩ ላይ ያስደግፋሉ፣ ጆሯቸውን ከላዩ ያስጠጋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና እጃቸውን አነሱ። እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ብረቱ ውስጥ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለ። ስንቆፍር ዋናው መስመር ከድልድይ ሥር ተሰንጥቆ ውሃው በቀጥታ ወደ ጎርፍ ቦይ ይወርዳል። መንገዱ ላይ እርጥበት ስለሌለ ማንም አልጠረጠረም። ከታች ያሉ ሰዎች ምንጭ መስሏቸው ልብስ ያጥቡበት ነበር።

የዚያ መስመር ካርታ አልነበረም። የነበረው በእኚያ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል። ስንቱ ከተማ እንዲህ ነው!

ስለዚህ የቦርድ አባል ከሆናችሁ፣ እባካችሁ ጉድጓድ ከማጽደቃችሁ በፊት ሥራ አስኪያጁን እነዚህን ጠይቁ። ባለፈው ወር ስንት ሜትር ኪዩብ ተመረተ? ስንት ተሸጠ? ልዩነቱ የት ሄደ? ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆጣሪ አለ? ይሠራል? ለሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎች መልስ ከሌለ ስብሰባው እዚያው ይቁምና መጀመሪያ ቆጣሪ ይገዛ። የጉድጓድ ጠላት አይደለሁም። ከላይ ባለው ሒሳብ ብክነቱ ዜሮ ቢሆን እንኳን 50 ሊትር አይሞላም፤ አዲስ ምንጭ የግድ ነው። ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ መጠገን፣ ከዚያ መቆፈር።

«ውሃ የእግዜር ነው፤ ምን አስከፈለን?»

ውሃው የእግዜር ነው። መብራቱ፣ ክሎሪኑ፣ ቧንቧውና የሠራተኛው ደመወዝ ግን ሒሳብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን እንዲሸፍን ያዛል። ብዙ ከተሞችም ፕሮጀክታቸውን የሠሩት በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ በተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ብድር ነው። ብድር ይከፈላል፣ የሚከፈለውም ከውሃ ሽያጭ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሕዝቡ እውነት ያለበት ቅሬታ አለ። ታሪፉ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር ዋጋው የሚጨምር ነው፤ ዓላማው ድሃውን ለመጥቀም። በአንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን ድሃው ውድ በሆነው እርከን ይመታል። ይህን ቦርዱ ማስተካከል ይችላል። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ሰብሰብ ብላችሁ የጋራ ቆጣሪ እርከን ወይም የተለየ ቆጣሪ ጠይቁ።

«ቆጣሪው በአየር ይሽከረከራል።»

ትንሽ እውነት አለው። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ አየሩን እየገፋ ሲገባ ቆጣሪው ሊዞር ይችላል። ነገር ግን ሒሳቡን እጥፍ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪ አንባቢው ሳይመጣ በግምት የተሞላ ወር ነው፤ ወይም ደግሞ የሽንት ቤቱ ፍላሽ እያፈሰሰ ነው። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቁጥሩን ጻፉ። ጠዋት ውሃ ሳትነኩ እዩት። ከተንቀሳቀሰ ችግሩ እናንተ ቤት ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ያህል ያባክናል።

«ዲናሞ መስመሩ ላይ መግጠም መብቴ ነው።»

አይደለም! ይሄ ከሁሉም አደገኛው ነው። በቀጥታ ከመስመሩ የሚስብ ዲናሞ የጎረቤትን ውሃ መንጠቁ ሳያንስ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ከዜሮ በታች ያወርዳል። ያኔ በየስንጥቁ ከውጭ ያለው ይሳባል። ቧንቧው የሚያልፈው ደግሞ ብዙ ቦታ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው። የሚመጣውን ለራሳችሁ አስቡት። መጀመሪያ ሮቶው በራሱ ይሙላ፤ ዲናሞው ከሮቶው ወደ ላይ ይግፋ።

«ጥርት ያለ ውሃ ንጹህ ነው።»

ፍሎራይድ የሚባለው በውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን አይታይም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኩልል ያለው የጉድጓድ ውሃ ነው ጥርስ የሚያበልዘው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድን አያወጣም።

«ፕሮጀክቱ ተመረቀ፣ አለቀ።»

ምረቃ ርክክብ አይደለም። ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት አለ፤ በዚያ ውስጥ የወጣውን ጉድለት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል፣ ከክፍያው የተያዘ ገንዘብም አለ። አንድ ቦርድ ይህን ገንዘብ ቶሎ ለቅቆ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቧንቧው የተዘረጋበት ቦይ በአፈር ሳይደፈን የግፊት ፍተሻ መደረጉን በወረቀት ጠይቁ። ቧንቧው በትክክል የተቀበረበትን ካርታ ሳትቀበሉ አትፈርሙ።

«የጎርፍ ቦይ ስላለን የፍሳሽ ችግር የለብንም።»

የጎርፍ ቦይ ለዝናብ ነው። አብዛኞቹ ከተሞቻችን የፍሳሽ መስመር ጭራሽ የላቸውም። አዲስ አበባ እንኳን፣ ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ የሚያጣራ ጣቢያ ኖሯት፣ ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው። የሌሎቹ ከተሞች ፍሳሽ የሽንት ቤት ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ (ከመሬት ሥር ያለ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ነው ያለው። ክረምት ሲገባ በጨለማ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ቦዩ የሚለቅ ሰው አለ። የእሱ ቤት ጸዳ፤ ከታች ያለው ሰፈር ልጆች ታመሙ።

ቦርዱም እዚህ ላይ ተጠያቂ ነው። ስሙ «ውሃና ፍሳሽ» ሆኖ የቃለ ጉባኤው ወረቀት ሁሉ ስለ ውሃ ነው። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ይገዛል፣ መኪናው የሚደፋበት ቦታ ግን አይዘጋጅም። ለዝቃጭ ማድረቂያ መሬት ሲጠየቅ እያንዳንዱ ቀበሌ «እኛ ጋ አይሆንም» ይላል። መኪናው ግን መድፋቱ አይቀርም፤ ወንዝ ዳር ይሄዳል፣ ወይም እርሻ ላይ።

መኪናው ግቢያችሁ ሲመጣ ሹፌሩን የት እንደሚደፋ ጠይቁት። መልሱን፣ ቀኑንና የታርጋ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለቦርዱ ጸሐፊ አስገቡ፤ ደብዳቤው መዝገብ ላይ መግባቱንም አረጋግጡ። መዝገብ ላይ ያልገባ አቤቱታ አጀንዳ አይያዝለትም።