ሃምሳ ሎሚ የማን ጌጥ ነው?

ሰሞኑን ጎንደር ፒያሳ ቡና ይዤ ተቀምጬ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና እየጮኸች መጣች። ስለ ጣናና ስለ እምቦጭ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ! ውድ ደንበኞቻችን፣ ቲሸርታችንን በመግዛት ጣናን ይታደጉ!»

ደንበኞቻችን? የጣና ደንበኛ የሆንኩት ከመቼ ወዲህ ነው?

የአባባሉን ፍቺ ሁላችንም እናውቃለን፣ አልደግመውም። ሎሚውን ግን ስንቶቻችን ተሸክመነዋል? እኔ ተሸክሜዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ለከተራ ዋዜማ አያቴ ቅዳሜ ገበያ ወሰደችኝ። ከቆላ የመጣ፣ ቆዳው ስስ፣ ገና ሳይነኩት የሚያውድ ሎሚ ገዛች። በማዳበሪያ ሞልታ አሸከመችኝ። አቀበቱን እስክወጣ ትከሻዬ ተላጠ። አንዴ አስቀምጬው አልቅሻለሁ፣ ልደብቀው አልችልም።

በጥምቀት ጠዋት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እጁን እየከተተ አንዳንድ ወሰደ። ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ አንዱ ያሸታል፣ አንዱ እያጎነ ይቀልባል፣ አንዱ ዓይኑን የጣለባትን ልጅ ደረት ያነጣጥራል። አያቴም የራሷን አፍንጫዋ ሥር ይዛ እልል ትላለች። ማዳበሪያው ብብቴ ሥር ተጣጥፏል።

ስለዚህ አባባሉ የተወለደው እዚሁ ቀሃ ወንዝ ዳር ነው ባይ ነኝ። ማስረጃ? ትከሻዬ። ደግሞስ ሎሚን ጌጥ የሚያሰኘው ከጥምቀት ሌላ ምን ቀን አለ? ሃምሳ ሽንኩርት ለምን አልተባለም? የሸዋ ሰዎች እኛም ሎሚ እንወረውራለን ይሉኛል። ይወርውሩ።

ጌጡ ታዲያ ሎሚውን በእጁ ለያዘ ሰው ነው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የደንቢያ ገበሬ ተጠራርቶ፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቅሏል። ከከተማም ብዙ ሰው ሄዶ አግዟል። ያኔ ማንም ደንበኛ አላላቸውም። እናንተ ልጆች፣ ማዳበሪያውን ይዛችሁ የሎሚ ሥዕል አትሽጡልን እንጂ!

ሒሳቤን ከፍዬ ወደ መኪናዋ ጠጋ አልኩ።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«የት?» አለኝ ልጁ።

«ጣና ነዋ! ልንነቅል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ መግዛት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ላርጅ ይሆንዎታል?»