ጦሩ አስረክቦ ሲቪሉ ሲረከብ፦ የፍልስጤም ነገር

ብዙ ሰው ግር የሚለው ይሄ ነው። ወታደራዊ አስተዳደር ቀርቶ ሲቪል አስተዳደር ተተካ ሲባል፣ አገሩ ባለቤት አገኘ ማለት ነው? አይደለም። መጀመሪያ የሚቀየረው አስተዳዳሪው ነው። ባለቤትነቱ ሌላ ጣጣ ነው።

ፍልስጤምን እንውሰድ። (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ የኦቶማን ቱርክ ግዛት ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል አለንቢ ኢየሩሳሌም የገባው ዲሴምበር 11 ቀን 1917 ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ ጦር ሆነ። የጦርነት ሕግ በሆነው በ1907ቱ የሄግ ደንብ አንቀጽ 43 መሠረት፣ ጦር የያዘውን አገር ሕግ ፈጽሞ ካልተቸገረ በቀር እንዳለ ማክበር አለበት። ያዥ እንጂ ባለቤት አይደለማ።

ጁላይ 1 ቀን 1920 ሰር ኸርበርት ሳሙኤል ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ ማለትም የሲቪሉ አስተዳደር የበላይ ሆኖ፣ ሥልጣኑን ከወታደራዊው አስተዳዳሪ ከሜጀር ጄኔራል ሉዊ ቦልስ ተረከበ። ቦልስ ለቀልድ ደረሰኝ አስፈረመው፦ «አንድ ፍልስጤም፣ ሙሉ»። ሳሙኤልም ፈረመ። ግን «ስህተትና ግድፈት ሲቀር» የምትለዋን የነጋዴ ቃል ጣል አደረገባት። ብልጥ ነው! ያኔ ከቱርክ ጋር የጸና የሰላም ውል አልነበረም። የመንግሥታቱ ማኅበር ማንዴቱን፣ ማለትም እንግሊዝ ፍልስጤምን እንድታስተዳድር የተሰጣትን አደራ፣ ያጸደቀው በጁላይ 1922 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 1923። ከቱርክ ጋር የተደረገው የሎዛን የሰላም ውል ደግሞ የጸናው በኦገስት 1924። ሲቪሉ መንግሥት ከወረቀቱ ቀድሞ ቢሮ ገብቷል ማለት ነው።

ሕጉስ? እንግሊዝ ለፍልስጤም ያወጣችው የ1922ቱ ድንጋጌ፣ በኖቬምበር 1 ቀን 1914 ይሠራበት የነበረው የኦቶማን ሕግ፣ በሌላ ሕግ እስካልተለወጠ ድረስ እንዲቀጥል አደረገ። ስለዚህ የመሬት ክርክር የቀረበለት ዳኛ፣ በእንግሊዞች ፍርድ ቤት ተቀምጦ የ1858ቱን የሱልጣን የመሬት ሕግ ይገልጥ ነበር።