ለሁለት ብቻ የሚሆን ጠረጴዛ በመዝናኛ መርከብ ላይ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ባለትዳሮች ዓመቱን የሚገፉት በፈረቃ ነው። እርሱ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ሲገባ እርሷ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ጫማዋን ታስራለች። እራቱ ለየብቻ ይሞቃል፣ ለየብቻ ይበላል። እንዲህ የከረሙ ሁለት ሰዎች ገንዘብ አጠራቅመው ከባልቲሞር ወደብ ወደ ባሃማስ ወይም ወደ ቤርሙዳ በሚሄድ መርከብ ሲሳፈሩ፣ ከባሕሩም ከፀሐዩም ይልቅ የሚናፍቁት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳይጣደፉ እራት መብላትን ነው። እኔና ባለቤቴም የተሳፈርነው ለዚሁ ነበር። ከመሄዳችን በፊት የሰማነው ምክር ግን ግማሹ ስህተት ሆኖ አገኘነው። ዛሬም ለመሄድ የሚያስቡ ወዳጆች ያንኑ ሲደግሙት ስለምሰማ አንድ በአንድ ላንሳው።

«መርከብ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር መብላት ግዴታ ነው»

ይህ አባባል ከመሬት አልተነሣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውቅያኖስ በሚያቋርጡ መርከቦች ላይ ተሳፋሪው የሚመገበው በረጅም የጋራ ገበታ ዙሪያ ነበር። ማዕበሉ እንዳያንሸራትታቸው ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰሩ ነበር። ሰዓቱም ምግቡም ለሁሉም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራ የጀመረችው «አሜሪካ» የተባለች የጀርመን መርከብ፣ ተሳፋሪው ባሻው ሰዓት መርጦ የሚያዝዝበት ሬስቶራንት ይዛ ስትመጣ ትልቅ አዲስ ነገር ሆነ። አቅሙ የነበራቸው ግን ባለጸጎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት የተለመደው ሥርዓት ሁለት ዙር እራት ነበር፦ የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30 አካባቢ፣ ሁለተኛው ከምሽቱ 2፡00 አካባቢ። ስድስት ወይም ስምንት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ቁጥር ይሰጣችሁና እስከ ጉዞው ፍጻሜ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ትበላላችሁ። ክሩዝ ሄደው የተመለሱ ታላላቆቻችን የሚያወሩልን ይህንን ነው፤ በዘመናቸው እውነት ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ቆይቶ ነው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን የተባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ቋሚ ሰዓትንና ቋሚ ጠረጴዛን ትቶ እያንዳንዱ ሰው በፈለገው ሰዓት እንዲመገብ ፈቀደ። ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ተከተሉት። ዛሬ በሮያል ካሪቢያን፣ በካርኒቫልና በሆላንድ አሜሪካ መርከቦች ላይ ቋሚውን ወይም ተለዋዋጩን ሰዓት መምረጥ የተለመደ ነው። በቫይኪንግ የባሕር ጉዞዎች ላይ ደግሞ ቋሚ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። ተለዋዋጩን ከመረጣችሁ በሩ ላይ የቆመው ሠራተኛ «ከሌሎች ጋር ትቀመጣላችሁ ወይስ ለብቻችሁ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ባይጠይቅም እናንተ ቅደሙት። «ሁለት ነን፣ ለብቻችን» ማለት በቂ ነው፤ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ለብቻ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ትንሽ መጠበቅ ይመጣል እንጂ የሚከለክላችሁ የለም።

ዲዝኒ ትንሽ ይለያል። እዚያ ተሳፋሪው በየምሽቱ ሬስቶራንት ይቀይራል፣ አስተናጋጆቹም አብረውት ይዞራሉ። ሁለት ብቻ የሆኑ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሊመደቡ ስለሚችሉ ጥያቄውን ቀደም ብሎ ማቅረብ ይሻላል።

«የሁለት ሰው ጠረጴዛ ካገኘን ለብቻችን ነን»

ብዙ ሰው የሚያዝነው በዚህኛው ነው። እኛም አዝነንበታል።

በመጀመሪያው ምሽት የተሰጠን ጠረጴዛ በእርግጥ የሁለት ሰው ነበር። ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ሁለት ብርጭቆና ትንሽ መብራት አለበት። ነገር ግን ግድግዳውን ይዘው ከተደረደሩት ሰባት የሁለት ሰው ጠረጴዛዎች አንዱ ነው። ባለቤቴ በእኛና በቀኙ ጠረጴዛ መካከል ያለውን ክፍተት በእጇ ለካችው፦ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። አስተናጋጁ በመካከል ማለፍ ስላልቻለ ዳቦውን ያኖረልን ከፊት ለፊት እጁን ዘርግቶ ነው። በቀኝ በኩል የተቀመጡት ሴት የዓሣቸውን አጥንት እየለቀሙ በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ሲደረድሩ አያለሁ። በግራ ያሉት ባልና ሚስት ስለ ቤት ዕዳቸው የሚነጋገሩትን ቃል በቃል እንሰማለን። እነርሱ እኛን ያልሰሙን በአማርኛ ስለምናወራ ብቻ ነው። ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሰላምታ ተለዋውጠናል፣ የልጆቻቸውንም ፎቶ አይተናል። የተመኘነው እራት ግን ያ አልነበረም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመርከብ ላይ ቦታ ውድ ነው። አሥር ሰው በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ የሚይዘው ወለልና አሥሩ ሰው በአምስት ጠረጴዛ ተከፋፍሎ የሚይዘው ወለል በእጅጉ ይለያያል፤ ለየብቻ በሆነ ቁጥር አስተናጋጁ የሚተላለፍበትም መንገድ ይጨምራል። ስለዚህ አዳራሹን የሚያዘጋጁት ሰዎች የሁለት ሰው ጠረጴዛዎችን ቁጥራቸውን ቀንሰው፣ ያሉትንም አጠጋግተው ይደረድሯቸዋል።

እንግዲህ የሚጠየቀው የወንበሩ ቁጥር ሳይሆን ቦታው ነው። «የሁለት ሰው ጠረጴዛ እንፈልጋለን» ካላችሁ ከተደረደሩት አንዱን ይሰጧችኋል። «ራቅ ያለ፣ ከአጠገቡ ሌላ ጠረጴዛ የሌለው ቦታ እንፈልጋለን» ካላችሁ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነ። ጥግ፣ ከአምድ ጀርባ፣ አዳራሹ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ፎቅ ከሆነ ከላይኛው ፎቅ በአጥሩ በኩል ያለው ቦታ ጸጥ ይላል። ከወጥ ቤቱ በርና አስተናጋጆች ሳሕን ከሚያከማቹበት ስፍራ መራቅም ትልቅ ነገር ነው። አዳራሹ ባልሞላበት ምሽት ደግሞ የአራት ሰው ጠረጴዛን ለሁለት እንዲያሰናዱላችሁ መጠየቅ ይቻላል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ሲሳካ ግን ከማንኛውም የሁለት ሰው ጠረጴዛ ይሻላል።

እኛ በሁለተኛው ቀን ጠይቀን ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ መርከቡ የኋላ መስኮት አዛወሩን። ከታች ያለው ሞተር የውኃ ብርጭቋችንን በስሱ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ከመስታወቱ ማዶ መርከቡ የተወው ነጭ አረፋ በጨለማው ላይ ረጅም መንገድ መስሎ ይታያል። እዚያ ተቀምጠን ከአንድ ዓመት በላይ ሳንነጋገርበት የቆየነውን ጉዳይ ተነጋገርን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ምሽት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

«የአዳራሹን ኃላፊ ካላስጨበጡ አይሆንም»

ከብዙ ሰው የሰማሁት ምክር ሃያ ዶላር አጥፎ እጅ መንሻ ማቅረብን ነው። አያስፈልግም። ጠረጴዛ የሚመድቡት ሰዎች ሥራቸው ይህ ነው፤ በየጉዞው መጀመሪያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተሳፋሪ አያጡም። በትሕትና የጠየቀና በጊዜ የመጣ ሰውን ያስተናግዳሉ። ባዶ ጠረጴዛ ከሌለ ደግሞ ገንዘቡ ጠረጴዛ አይሠራም።

በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያው አስቀድሞ ሂሳባችሁ ላይ አለ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለተራ ክፍል በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይታሰባል። ለሁለት ሰው የሰባት ሌሊት ጉዞ ይህ ከ224 እስከ 280 ዶላር ይመጣል። ስትሳፈሩ ይህን እወቁት፤ ብዙ ወገኖቻችን የመጨረሻውን ቀን ሂሳብ አይተው የሚደነግጡት አስቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ነው። በደንብ ላስተናገዳችሁ አስተናጋጅ በጉዞው ማብቂያ ጉርሻ መጨመር መልካም ነው። ያ ምስጋና ነው፤ የጠረጴዛ ዋጋ ግን አይደለም።

«ትኬቱን ስንገዛ ጠይቀናል፤ ስለዚህ ተይዞልናል»

በትኬት ግዢ ጊዜ ወይም በጉዞ ወኪል በኩል የሚጻፈው ምርጫ ጥያቄ እንጂ ውል አይደለም። መጻፉ ይጠቅማል፣ ጻፉት። ግን በዚያ ተማምናችሁ አትቀመጡ።

ዋናው ሥራ የሚሠራው በተሳፈራችሁበት ቀን ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የመመገቢያ አዳራሹ ኃላፊዎች የጠረጴዛ ለውጥ የሚቀበሉበት ሰዓትና ቦታ አለ፤ በዕለቱ ፕሮግራም ወይም በኩባንያው መተግበሪያ ላይ ይገለጻል። አብዛኛው ተሳፋሪ በዚያ ሰዓት ቡፌው ላይ ወይም መዋኛው ዳር ነው። እናንተ ሻንጣችሁ ክፍል እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ሂዱ። ቋሚ ሰዓት ከመረጣችሁ የጠረጴዛ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩ ግን ጠረጴዛው የስንት ሰው እንደሆነም የት እንዳለም አይናገርም። አዳራሹ ክፍት ከሆነ ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩት። ስምንት ወንበር ከከበበው ለመለወጥ ጊዜው ያኔ ነው፤ እራት ከቀረበና ሰዎቹ ከተዋወቁ በኋላ መነሣት ለእናንተም ለእነርሱም ይከብዳል።

ያን ቀን ካልተሳካ ተስፋ አትቁረጡ። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ምሽት ጀምሮ ሰው ይበተናል፦ አንዳንዱ ወደሚከፈልባቸው ሬስቶራንቶች ይሄዳል፣ አንዳንዱ ቡፌውን ይለምዳል። «ቦታ ሲለቀቅ አስቡን» ብላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ በማግስቱም በፈገግታ ተመልሳችሁ ጠይቁ።

ተለዋዋጭ ሰዓት የመረጠ ሰው ደግሞ ነገሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። አዳራሹ የሚጨናነቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12፡30 እስከ 1፡30 ነው። ልክ ሲከፈት ወይም ከ2፡00 በኋላ የሄደ ብዙ ጊዜ ጥሩ ቦታ ያገኛል። ብዙ ኩባንያዎች ከጉዞው በፊት በመተግበሪያቸው ሰዓት ማስያዝ ስለሚፈቅዱ፣ በየምሽቱ ተመሳሳይ ሰዓት ይዛችሁ ያንኑ አስተናጋጅ መጠየቅ ትችላላችሁ። እንዲህ ሲሆን በሦስተኛው ምሽት ሳትናገሩ ጠረጴዛችሁን ያውቁታል።

«ለብቻ መቀመጥ የሚቻለው ተጨማሪ ለከፈለ ነው»

በከፊል እውነትነት አለው። የሚከፈልባቸው የስቴክና የጣሊያን ምግብ ቤቶች አነስ ያሉ ናቸው፤ የሁለት ሰው ጠረጴዛም በብዛት ይገኝባቸዋል። ለጋብቻ በዓል አንድ ምሽት እዚያ መብላት ያስደስታል። በኪዩናርድ መርከቦች ላይ ደግሞ የምትመገቡበት አዳራሽ የሚወሰነው በክፍላችሁ ደረጃ ነው፤ ግሪል የሚባሉትን ውድ ክፍሎች የያዘ ተሳፋሪ ለጉዞው በሙሉ የራሱ ጠረጴዛ አለው። ግን በዋናው አዳራሽ ያለው የሁለት ሰው ጠረጴዛ በትኬቱ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ማንም ለእርሱ ሊያስከፍላችሁ አይገባም።

«ለብቻ መብላት ነውር ነው፤ ሰው ይቀየማል»

ይህን የሚሉት የራሳችን ሰዎች ናቸው፤ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ከአንድ መሶብ ቆርሰን፣ ተጎራርሰን ያደግን ሰዎች ነን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል ሰምተናል። ስለዚህ ከሌላው ተለይተን መቀመጥን መጠየቅ እንደ ኩራት የሚቆጠር ይመስለናል፤ ባለቤቴም በመጀመሪያው ቀን «ምን ይሉናል?» ብላ እጄን ይዛ ነበር።

የሚለን አልነበረም። ለአስተናጋጆቹ የሁለት ሰው ጠረጴዛ ሌላ ዓይነት ጠረጴዛ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። አብሮ የመብላት ባህላችንም አይጎዳም፤ ባልና ሚስት ተቀምጠው መጎራረሳቸው ራሱ አብሮ መብላት ነው። ከሰው ጋር መጫወት ስትፈልጉ በቀን ብዙ አጋጣሚ አለ።

አንዳንዶች ደግሞ በጾም ወቅት ስለሚጓዙ፣ ከእንግዶች ጋር ተቀምጠው ስለ ምግባቸው ማስረዳቱን ፈርተው ለብቻ መሆን ይፈልጋሉ። ፍላጎቱ ትክክል ነው፣ ሁለቱን ግን አታያይዙ። የጾም ምግብ ጉዳይ በጠረጴዛው አይወሰንም። ከጉዞው በፊት አስመዝግቡት፣ በመጀመሪያው ምሽትም ለዋና አስተናጋጁ «ቪጋን» በሉት፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበሉ በዚያ ቃል ይረዳችኋል። በብዙ መርከቦች ላይ የነገውን ምሽት ሜኑ ዛሬ አምጥተው ያስመርጧችኋል፤ ምግባችሁም ተለይቶ ይዘጋጃል።

«ጠረጴዛችን ለቁርስም ለምሳም የእኛ ነው»

አይደለም። ቋሚ ጠረጴዛ ቢኖራችሁም ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለእራት ብቻ ነው። ቁርስና ምሳ በዋናው አዳራሽ እንደ አመጣጥ ስለሚያስቀምጡ ከሌሎች ጋር ሊያቀላቅሏችሁ ይችላሉ። እዚያም «ለብቻችን» ማለት ይፈቀዳል።

በረንዳ ያለው ክፍል የያዘ ሰው ግን ጠዋት ከማንም ጋር አይጋፋም። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቁርስ ማዘዣ ካርዱን ሞልታችሁ የምትፈልጉትን ሰዓት ጽፋችሁ፣ በሩ እጀታ ላይ በውጭ በኩል ትሰቅሉታላችሁ፤ መርከቡ በመተግበሪያ የሚያሳዝዝ ከሆነ በዚያ ታዝዛላችሁ። ቡናው በማንቆርቆሪያ ይመጣል። መርከቡ ሲጓዝ ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ናፕኪኑን ከሳሕኑ ሥር አድርጉት፤ የእኛን የመጀመሪያውን ቀን ባሕሩ ወስዶታል።